«በ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

በዲላ አቅራቢያ ባለችው ጪጩ ብዙ ተማሪ እቤቱ ጌዴኡፋ፣ ከሌላው ጋር አማርኛ እየተናገረ አድጎ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። የእንግሊዝኛ መስተዋድዶችን በዝርዝር ሸምድዶ ፈተና ላይ የሚሳሳት ተማሪ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በአማርኛ አንዷ «በ» የምትሠራውን ሥራ እንግሊዝኛ ለብዙ ቃላት ስላከፋፈለው ነው። ጌዴኡፋ ደግሞ «በ» የምትገልጸውን ዝምድና የሚያሳየው ከስሙ መጨረሻ በሚጨመር ቅጥያ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ከሽምደዳ ሳይሆን ከ«በ» ይጀምር።

ደብተራችሁን መሐል ለመሐል አስምሩ። በግራ በኩል በአማርኛ ጻፉ፦ በዲላ ይኖራል፤ በሰኞ ቀን ይመጣል፤ ጠዋት በ2 ሰዓት ይጀምራል፤ በመኪና ይሄዳል፤ ዳቦውን በቢላ ይቆርጣል። በቀኝ በኩል መስተዋድዱን ለብቻው አትጻፉ፤ ከስሙ ጋር አጣምሩት፦ ኢን ዲላ፣ ኦን መንደይ፣ አት ኤይት ኦክሎክ፣ ባይ ካር፣ ዊዝ ኤ ናይፍ። (የእኛ 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው።) ቀኙን ሸፍናችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ከዚያ ስሙን ለውጡ፦ ዲላን በወናጎ፣ ሰኞን በማክሰኞ። መስተዋድዱ ሳይለወጥ ሲቀር ደንቡን ራሳችሁ አገኛችሁት ማለት ነው፤ ለከተማ ኢን፣ ለቀን ኦን፣ ለሰዓት አት።

ግሥ ላይ ደግሞ አስቀድማችሁ የጊዜውን ቃል ጻፉ። «ቡና ይለቅማል» የዘወትርም የነገም ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ ግን ኤቭሪ ዴይ ሲል ሂ ፒክስ፣ ቱሞሮ ሲል ሂ ዊል ፒክ ይላል። «ትናንት ለቅሟል» በአማርኛ ያስኬዳል፤ «ሂ ሃዝ ፒክድ ኮፊ የስተርዴይ» ግን ስሕተት ነው። የስተርዴይ ካለ ሂ ፒክድ ብቻ ነው፤ ሃዝ የሚገባው ያለፈው ቀን ሳይጠቀስ ሲቀር ነው። ያንኑ ዓረፍተ ነገር የጊዜውን ቃል እያፈራረቃችሁ ጻፉ።

አማርኛን መሐል ማስገባት በእንግሊዝኛ ማሰብን ያዘገያል የሚሉ አሉ። አማርኛው ግን ሳይጠራም ይመጣል፤ የ«ሃዝ ፒክድ የስተርዴይ» ምንጩ እሱ ነው። ፊት ለፊት አስቀምጦ ልዩነቱን ማየት ይሻላል፤ የመስተዋድዱና የስሙ ጥንድ ሳያደናቅፍ ሲወጣ የግራው ዓምድ ይቅር። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ደንቡን ማወቅ ይበቃል ለሚለውም፣ በክፍት ቦታው አጠገብ ያለው ስም ወይም የጊዜ ቃል ራሱ መልሱን ይጠቁማል፤ በጥንድ የለመደ ተማሪ ቶሎ ያየዋል። ዲፔንድ ኦን እና ጉድ አት ግን ለዚህ ዘዴ አይገዙም፤ እነሱን እንደ አንድ ቃል አድርጋችሁ ሸምድዱ።