ስልክ በተማሪ እጅ
ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለወጣቶች አስተባባሪዎች የቀረበ ትምህርት

ጋዜጠኝነት ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚታየው የሬዲዮ ጣቢያ፣ ማተሚያ ቤት፣ ወይም በባሕር ዳር የሚዘጋጀው «በኵር» ጋዜጣ ነው። ይሁን እንጂ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ ማንም ሳይሾመው ዜና አቀባይ ሆኖአል። ያየውን የጎርፍ ጉዳት፣ የገበያ ግርግር፣ የለቅሶ ሥርዐት ቀርጾ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ይልካል፤ የላከውም በዚያው ቀን ባሕር ማዶ ካለው ዘመዱ ዘንድ ይደርሳል። ስለሆነም «ይህን ሥራ ለተማሪ እናስተምረው ወይስ እንተወው?» ብሎ መከራከር ጊዜው አልፎበታል። የሚቀረው ጥያቄ ትምህርቱን ከምን እንጀምር የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ የሚሰጡ ሥልጠናዎች ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው ይነሣሉ፤ ስልክ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቪዲዮ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ተከታይ እንዴት እንደሚበዛ ያስረዳሉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ትምህርቱ በምስሉ ውስጥ ከሚታየው ሰው መጀመር ይገባዋል የሚል ነው። ምክንያቱንም ሩቅ አገር ሳንሄድ በክልላችን ውስጥ፣ ሦስት ወር ያህል በማይሞላ ጊዜ ልዩነት ከደረሱ ሁለት ነገሮች እናገኘዋለን።

ነፋስ መውጫና ባሕር ዳር

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሕወሓት ታጣቂዎች የላይ ጋይንት ዋና ከተማ የሆነችውን ነፋስ መውጫን ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ይዘዋት ነበር። በእነዚያ ቀኖች በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ ዓለም በዝርዝር የሰማው አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. መባቻ ገደማ ባወጣው ዘገባ ነው። ድርጅቱ 16 ሴቶችን በርቀት፣ ምስጢሩ በተጠበቀ የቪዲዮ ጥሪ አነጋገረ፤ ከእነርሱም 14ቱ በቡድን እንደ ተደፈሩ መሰከሩ። ዘገባው የድርጊቱን ጊዜ፣ ቦታና አኳኋን ሲገልጥ የሴቶቹን ስም ግን ሰውሮ በሌላ ስም ጠራቸው። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ ስማቸው ስለ ተሰወረ ምስክርነታቸው አልደከመም። የአንዲቱ ቃል ከሌላይቱ ጋር ተነጻጽሮ፣ የሐኪም ቤቱና የመንግሥት ኃላፊዎችም ተጠይቀው ነገሩ ጸና።

ሁለተኛው ነገር በባሕር ዳር የሆነው ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት የትግራይ ተወላጅ ፕሮፌሰር መዐረግ አማረ በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በፌስቡክ ላይ በሐሰት ተወነጀሉ፤ ፎቶግራፋቸውና የሚኖሩበት ሥፍራም ወጣ። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አመልክቶ እንደ ነበር ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ታጣቂዎች በቤታቸው ደጅ ተኩሰው ገደሉአቸው። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

መሣሪያው በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ስልክና ኢንተርኔት። በአንደኛው ተበዳዮቹ ተጠብቀው እውነቱ ወጣ፤ በሁለተኛው ሐሰቱ ሳይመረመር የሰውየው መልክና ማደሪያ ተገለጠ። ተማሪዎቻችን ሁለቱንም ታሪክ አብረው መማር አለባቸው። የራሱን ወገን በደል ብቻ የሚያስተምር መምህር ጋዜጠኛ ሳይሆን ከሳሽ ያፈራል። ደግሞም የሐሰት ልጥፍን የሚጽፈው አንድ ሰው ቢሆን እንኳ የሚያጋራው ብዙ ሰው ሊሆን እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም። «እኔ አልጻፍኩትም፤ ያገኘሁትን ነው ያስተላለፍኩት» የሚለው አነጋገር በተማሪዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስለሆነ፣ መምህሩ በዚህ ላይ ሰፊ ጊዜ ሰጥቶ ቢያወያያቸው መልካም ነው።

ከክፍል ወደ ገበያ

ሥራውን ለመጀመር አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ያለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዐትና በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜና የሚያነቡ ተማሪዎችን እናውቃቸዋለን። እንደ እኔ አመለካከት ከማንኛውም የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይልቅ ይህ ክበብ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው። ሐሰት ያነበበ ልጅ ከባለ ጉዳዩ ጋር በዚያው ግቢ ፊት ለፊት ይገናኛልና።

ለመጀመሪያ ልምምድ ቀላልና ሰው የማይጎዳ ነገር ይመረጥ። ለምሳሌ በታች ጋይንት፣ ስሟን ከገበያዋ ባገኘችው በዓርብ ገበያ ከተማ፣ የድንች ዋጋ ስንት ዋለ? ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን አስቸጋሪ ነው። አንዱ ተማሪ ሻጮችን፣ ሌላው ገዢዎችን ይጠይቅ፤ ጠዋትና ቀትር ላይ ለየብቻ ይመዝገብ፤ የተጠየቀው በኪሎ ይሁን በጆንያ ይለይ። ሻጭና ገዢ የተለያየ ዋጋ ከነገሩአቸው ሁለቱንም ይጻፉ እንጂ አማካዩን ፈልስፈው እንዳይጽፉ። ቀጥሎ ሦስት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከሩቅ ገበያውን በሙሉ፣ ከመካከለኛ ርቀት አንድ መደብን፣ ከቅርብ ደግሞ ድንቹን የሚመርጡ እጆችን። እጅ ብዙ ነገር ይናገራል፤ የባለቤቱንም መልክ አያጋልጥም።

ፈቃድ መጠየቅ እንደ ሥርዐት ብቻ መታየት የለበትም። «እናቴ፣ ፎቶ ላንሣዎት?» ማለት አይበቃም፤ ሴትዮዋ የምታስበው በልጁ ስልክ ውስጥ የምትቀር ሥዕል ነውና። «ይህን ሥዕል ከተማ ያለ ሰውም፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰውም ያየዋል፤ ይፈቅዳሉ?» መባል አለበት። ሕፃን ከሆነ ወላጁ ይጠየቅ። ለሴፍቲኔት እህል የተሰለፈ ሰው፣ የታመመ ሰው፣ የሚያለቅስ ሰው ፈቃድ ቢሰጥ እንኳ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፤ የቸገረው ሰው እምቢ ለማለት አቅም ላይኖረው ይችላል።

ድምፅን በተመለከተ የአገሩ ስም ራሱ ያስጠነቅቃል። በነፋስ መውጫ ደጅ ቆሞ ቃለ ምልልስ የሚቀዳ ተማሪ ነፋሱን እንጂ ሰውየውን አይቀዳም። ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ መቆም፣ የስልኩን ማይክሮፎን በስስ ጨርቅ መሸፈን፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደ ቤት መግባት ነው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ስልኩን አግድም መያዝና ሳያንቀሳቅሱ እስከ ዐሥር መቁጠር ለጀማሪ ይበቃል።

ጉና በየት በኩል ነው?

የደረሰን ምስል እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ጥያቄ አለ፤ ማን አነሣው፣ መቼ፣ የት? ኢንተርኔት ባለበት ፎቶግራፉን በጉግል አስፈልጎ ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደ ሆነ ማየት ይቻላል። በሌለበት ግን የአገሩ መልክዐ ምድር መምህር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ለነፋስ መውጫ ሰው በስተ ምዕራብ፣ በእስቴ ለመካነ ኢየሱስ ሰው ግን በስተ ምሥራቅ በኩል ነው። «ዛሬ ጠዋት ከነፋስ መውጫ» ተብሎ በመጣ ፎቶግራፍ ላይ ፀሐይ በጉና በኩል ከቆመች፣ ወይ ሰዓቱ ወይ ቦታው ውሸት ነው። ይህን የመሰለ ምርመራ ከስማዳ ወይም ከጋይንት ልጅ የተሻለ የሚያውቅ በዋና ከተማ አይገኝም።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. ለ2021 የዓለም የመገናኛ ቀን ባስተላለፉት መልእክት መነሻ ያደረጉት በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ያለውን «መጥተህ እይ» የሚለውን ቃል ነበር። ዜና ከጠረጴዛ ተገልብጦ ሳይሆን ሄዶ፣ አይቶ፣ ሰውን አግኝቶ ሊጻፍ እንደሚገባ አሳስበዋል። እግሩ መንገድ የለመደ የገጠር ተማሪ ለዚህ የቀረበ ነው።

ስለ ጦማርና ስለ ሕግ

ብሎግ ለሚባለው የኢንተርኔት ጽሑፍ የአማርኛ ጸሐፊዎች «ጦማር» የሚለውን የግዕዝ ቃል ሰጥተውታል፤ ትርጉሙም ደብዳቤ፣ ጽሑፍ ማለት ነው። ቃሉ እንዲታወቅ በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ብዙ አድርገዋል። ከእነርሱ ስድስቱ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታስረው፣ ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ፣ የቀሩትም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክስ ነፃ ተብለው ወጥተዋል። ይህን የምናነሣው ተማሪን ለማስፈራራት አይደለም፤ መጻፍ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ወላጁም መምህሩም አስቀድመው እንዲያውቁ ነው። ለትምህርት ጦማር ከፌስቡክ ልጥፍ ይሻላል፤ ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ በቀኑ ተመዝግቦ ይቆያል፣ ለእርማትም ይመቻል።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም መነበብ አለበት። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱ ይከብዳል። ተከታይ ለማብዛት የሚጣደፍ ወጣት ይህን አያውቅም።

የስልኩ የአቀማመጥ ጉዳይም አለ። ብዙ ስልኮች ፎቶግራፉ የተነሣበትን ሥፍራ በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባሉ፤ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሲላክም መዝገቡ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በካሜራው ማስተካከያ ላይ የቦታ ምዝገባው ይጥፋ። የሚጠበቅ ሰው ሲኖር ፊቱን በኋላ ከማደብዘዝ ከጀርባው ማንሣት ይመረጣል፤ ልብሱ፣ የቤቱ በር፣ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ማንነቱን እንዳይናገሩም ይታይ።

ኔትዎርክ በማይኖርበት ጊዜም ትምህርቱ አይቋረጥ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቶ ነበር። ተማሪው በዚህ ጊዜ ቀርጾ፣ መግለጫውን ጽፎ፣ በሚሞሪ ካርድ ማስቀመጥን ይማር፤ ፎቶግራፉም ታትሞ በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ይለጠፍ። በእያንዳንዱ ሥር ማን፣ የት፣ በስንት ቀን፣ ማን እንዳነሣው ይጻፍ። መግለጫ የሌለው ምስል ከዓመት በኋላ ለሌላ ቦታና ለሌላ ጠብ ማስረጃ ተብሎ ይወጣል።

ስሕተት መገኘቱ አይቀርም። የድንቹ ዋጋ ተሳስቶ ከተነበበ ክበቡ ዝም ብሎ አይለፈው፤ በጦማሩ ላይ የቀድሞው ጽሑፍ ሳይጠፋ ከሥሩ እርማቱ ከነቀኑ ይጻፍ፤ በሚኒ ሚዲያም ስሕተቱን ያነበበው ያው ተማሪ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማጉያ ያንብበው።