ከሁለት ሕፃናት ጋር እስከ አርባ ምንጭ

ጥያቄ፦ የ2 እና የ5 ዓመት ልጆቻችንን ይዘን በራሳችን መኪና ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ልንሄድ ነው። በአንድ ቀን እንግባ ወይስ መንገድ ላይ እንደር?

መልስ፦ እደሩ። በሻሸመኔና በሶዶ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአዋቂ ይቻላል፣ ለ2 ዓመት ልጅ ግን ይከብዳል። ማለዳ ተነስታችሁ ዝዋይ ቁርስ ብሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ሐይቁ ዳር ሲንጎራደዱ ልጆቹ ይዩ፣ ይሩጡ። አዳሩ ሀዋሳ ይሁን፤ ከመንገዱ ትንሽ ቢያስወጣም ያዋጣል።

ልጅን ታቅፎ ፊት ወንበር መቀመጥ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። ፍሬን በድንገት ሲያዝ የእናት ክንድ የቱንም ያህል ቢበረታ ልጁን ሊያስቀረው አይችልም። የሕፃን ወንበር ገዝታችሁም ተውሳችሁም ከኋላ እሰሩ።

ትልቁ እንዳያቅለሸልሸው መኪና ውስጥ ስልክ አትስጡት፤ አሻግሮ ወደ ፊት ይመልከት። ከመነሳቱ በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ ይቅርበት፤ ደረቅ ዳቦና ሙዝ ይበቃዋል። ፌስታልና ቅያሪ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ የሚደርስበት ይቀመጥ።

ሲመሽ አትንዱ፤ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት ድንገት መንገድ ላይ ይገባል። አርባ ምንጭ ወባ ስላለ አጎበር ያዙ፤ ስለ መከላከያ መድኃኒትም ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።