አንድ ቃለ መጠይቅ በሦስት ፕሮግራም

በ2017 ዓ.ም. ክረምት እኔና ሁለት የክፍሌ ልጆች አንዲት አረጋዊት እናት አነጋግረን ነበር። ዝርዝሩን እኔ በኤክሴል መዘገብኩ፤ ፎቶው በሌላ ፕሮግራም ተቀመጠ፤ ጽሑፉ ደግሞ በድረ ገጽ ወጣ። በሦስተኛው ቀን እኚሁ እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አባቴ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው። እናንተ ከየት አግኝታችሁ አናገራችኋቸው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉት፤ ሰውን የሚጠራውም በሁለተኛው ነው። በእኛ አገር ግን ሁለተኛው የአባት ስም ነው። ስለዚህ የእሳቸውን ስም በአንድ ፊደል አሳጥሮ አባታቸውን ባለታሪክ አደረጋቸው።

ቀኑም አልተረፈም። ያነጋገርናቸው ጳጉሜን 3 ስለነበር 3/13/2017 ብዬ ጻፍኩ። የፎቶው ፕሮግራም በአሜሪካኖች አጻጻፍ ማርች 13 ብሎ አነበበውና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደን። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ነበር።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ደህና ይሠራል። የጎደለው የጋራ የመረጃ ሞዴል ነው፤ ማለትም ምን እንደሚመዘገብና በምን መልክ እንደሚጻፍ አስቀድሞ መስማማት። ከዚህ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ።

አንደኛ፣ ሙሉ ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ሳይቆራረጥ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ «በምን ይጠሩ?» የሚለው ለብቻው ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ቀን ከነካሌንደሩ ይጻፍ። ለልውውጥ ደግሞ በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 8601 መሠረት ዓመት፣ ወር፣ ቀን በቅደም ተከተል ይቀመጥ፦ 2025-09-08።

ሦስተኛ፣ ለነገ ቦታ ይተው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል ለእያንዳንዱ መረጃ ስም ያለው መለያ ስለሚሰጥ አዲስ መለያ መጨመር ይቻላል። የዜና ድርጅቶችም እ.ኤ.አ. በ2000 ኒውስኤምኤልን ያዘጋጁት በዚሁ መንገድ ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም የማያውቀውን መለያ ሲያገኝ ሳይደነግጥ ማለፍ፣ ሲያስተላልፍም አለመጣል አለበት።

ታዲያ ልቅ መሆንም አያዋጣም። አንዱ «ቀን»፣ ሌላው «ዕለት» እያለ ከጻፈ ኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። በጥቂቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ መስማማት፣ የቀረውን ክፍት መተው ይሻላል።

እኚያን እናት ይቅርታ ጠይቀን ስማቸውን አስተካክለናል። ክፍል ውስጥ ሁሌ «ስም አጣሩ» እንባላለን። አጣርተን ካመጣነው በኋላ በማይመጥነው ሣጥን ውስጥ ከከተትነው ግን ልፋታችን ከንቱ ነው።