ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚወጠር የመብራት መስቀያ፦ የመብራቱ ክብደት ወይስ የግድግዳው አቅም?

በመኖሪያ ቤት ውስጥ ፊልም የሚቀርጽ የመብራት ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የቦታ ጥበት ነው። መብራቱ በስታንድ ላይ ሲቆም የስታንዱ እግሮች በካሜራው ዕይታ ውስጥ ይገባሉ፤ ተዋናዮችም መተላለፊያ ያጣሉ። መብራቱን ከላይ መስቀል ግድ ይላል። በአዲስ አበባ ለቀረጻ በሚከራዩ ቤቶች ግን ኮርኒሱ ከቺፕውድ ወይም ከአቡጀዲ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከራሱ ክብደት ያለፈ ነገር እንዲሸከም መጠበቅ አይቻልም። የቀረው አማራጭ አንድን አግዳሚ እንጨት ወይም ቱቦ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ወጥሮ መብራቱን በእርሱ ላይ ማሰር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይህ መሣሪያ «ወጣሪ አግዳሚ» ተብሎ ይጠራል። በውጭ አገር ለዚሁ ተግባር የተዘጋጁ ዕቃዎች አሉ፤ ለምሳሌ የማንፍሮቶ አውቶፖል የጎማ ጫፍና መቆለፊያ ያለው የሚረዝም ቱቦ ሲሆን፣ የማቲውስ ምርት የሆነው ደግሞ በጣውላ ጫፍ ላይ የሚገጠም ባለ ብሎን መወጠሪያ ነው። በእኛ ዘንድ በብዛት የሚታየው ሞራሌ፣ ሽብልቅና የባለሙያው ድፍረት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ጉዳዩ የገባው በአንድ አጋጣሚ ነው። በአንድ የተማሪዎች አጭር ፊልም ቀረጻ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ የወጣሪው አግዳሚ አንድ ጫፍ አራት ጣት ያህል ወደ ታች ተንሸራትቶ ተገኘ። ከሥሩ ማንም አልነበረም፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ግን ተዋናይቷ በትክክል ከእርሱ በታች በተነጠፈ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ቡድናችን የወሰደው እርምጃ ማንም እንደሚገምተው አግዳሚውን ይበልጥ ማጥበቅ ነበር። በማግሥቱ በግድግዳው ጀርባ፣ በአከራዩ መኝታ ክፍል በኩል፣ ልስኑ ተሰንጥቆ አየነው። አንዱን አደጋ ለመከላከል የተወሰደው እርምጃ ሌላውን ወለደ ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ በቁጥር ማየት ተገቢ ነው።

ወጣሪ አግዳሚ የሚቆመው በሰበቃ ኃይል ብቻ ነው። ከሥሩ የሚደግፈው ነገር የለም። ስፋቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ተወጥሮ በላዩ ላይ ከነክላምፑና ከነገመዱ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ መብራቶች ቢሰቀሉ፣ ባለሙያው በአእምሮው የሚይዘው 15ን ነው። ጣውላው ራሱ ግን በኪዩቢክ ሜትር 650 ኪሎ ግራም ቢገመት 13 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጠቅላላው 28 ኪሎ ግራም ወይም 275 ኒውተን ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጫፍ 137 ኒውተን ያህል ይደርሰዋል። በቀለም የተቀባ ልስን ላይ፣ በተለይም የዘይት ቀለም ሲሆን፣ የሰበቃ ኮፊሸንቱን ከ0.3 በላይ መገመት ጥንቃቄ የጎደለው ነው። ስለዚህ እንዳይንሸራተት ብቻ የሚያስፈልገው አግድም ግፊት 458 ኒውተን ነው። በመድረክና በፊልም የመስቀያ ሥራ የተለመደው የደህንነት ሕዳግ 5 ለ1 ነው። ይህ ሕዳግ በመሠረቱ የታሰበው ለገመድና ለብረት ዕቃ የመበጠስ አቅም ነው፤ ሆኖም የሰበቃ ኃይል ከብረት ይልቅ የማይታመን በመሆኑ እዚህ ላይ ከዚያ ያነሰ ሕዳግ መቀበል የሚቻል አይመስለኝም። በዚህ ስሌት የሚፈለገው ግፊት ወደ 2290 ኒውተን ያድጋል። በሌላ አነጋገር 15 ኪሎ መብራት በአስተማማኝ ሁኔታ ለመስቀል እያንዳንዱን ግድግዳ በ233 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል መግፋት ያስፈልጋል።

ግድግዳው ይህን ይችላል ወይ? ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ የብሎኬት ግድግዳ ከላይም ከታችም ተይዟል እንበል። አግዳሚው በ2.4 ሜትር ከፍታ ላይ ሲገፋው 785 ኒውተን ሜትር የሚሆን የመጉበጥ ሞመንት ይፈጠራል። ግፊቱን የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የግድግዳው ክፍል ቢካፈለው እንኳ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ግድግዳ መጋጠሚያ ላይ የሚደርሰው የመሳብ ውጥረት 0.47 ሜጋ ፓስካል ነው። ስሌቱ ብሎኬቱን እንደ ድፍን ስለሚቆጥር ለግድግዳው ያደላ ነው። ዩሮኮድ 6 በተለመደ ሞርታር ለተገነባ የኮንክሪት ብሎኬት በዚህ አቅጣጫ የሚሰጠው የመጉበጥ ጥንካሬ ግን ከ0.05 እስከ 0.10 ሜጋ ፓስካል ነው። ልዩነቱ በትንሽ የሚታለፍ አይደለም። ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ውጥረቱ ወደ 0.12 ይወርዳል፤ ይህም ቢሆን ከገደቡ በላይ ነው። አግዳሚው ወደ 2.6 ሜትር ከፍ ሲል፣ ማለትም ግድግዳው ከላይኛው ቢም ጋር ወደሚገናኝበት ሲጠጋ፣ የ20 ሴንቲ ሜትሩ ግድግዳ ውጥረት 0.064 ይሆናል። አግዳሚውን ከፍ ማድረግ ለመብራቱ ስርጭት ብቻ ሳይሆን ለግድግዳውም የሚበጀው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ አግዳሚው ከኮንክሪት ዓምድ ወደ ኮንክሪት ዓምድ እንዲወጠር ማድረግ ነው። ዓምዱ በልስን ቢሸፈንም ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እየቆረቆሩ በድምፁ መለየት ይቻላል።

እስካሁን የተነገረው ግድግዳው ከላይ መያዙን ታሳቢ ያደርጋል። ክፍሎችን ለመለየት ብቻ የተገነባ ግድግዳ ግን ጫፉ ከቢሙ ጋር ላይያያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። የጂፕሰም ክፍልፋይ እና ለቀረጻ ተብሎ ከስስ ጣውላ የተሠራ ግድግዳ ጨርሶ ሊገፉ አይገባም። የጭቃ ቤት ለየት ያለ ነው። ከውስጥ ያለው ቋሚና ማገር ጥቂት ሊሸከም ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን አግዳሚው የሚነካው ማገሩን ሳይሆን የጭቃውን ምርጊት ነው፤ ምርጊቱም ጫና ሲያርፍበት ይፈረፈራል። ሰበቃውም አብሮት ይሄዳል።

«ጥቂት አጥብቀው» የሚለው ትእዛዝ በቀረጻ ቦታ ያለ ሐሳብ የሚሰጥ ነው። የእጀታው ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር፣ የጥርሱ እርምጃ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ እንደ መኪና ክሪክ የሚሠራ ብሎን በ100 ኒውተን የእጅ ኃይል ሲጠመዘዝ፣ ከጉልበቱ አምስት እጅ አራቱ በሰበቃ ቢባክን እንኳ፣ ወደ 4700 ኒውተን ይገፋል። ይህን ለማድረግ ጡንቻ አያስፈልግም፤ የሚጠመዝዘውም ሰው ምን ያህል እንደገፋ አይሰማውም። ከላይ የተጠቀሰው ጣውላ በቀጭኑ ጎኑ በኩል ወደ ጎን ተቀልብሶ የሚወድቅበት ወሰን ደግሞ 6400 ኒውተን ገደማ ነው። በሌላ በኩል፣ ጣውላው በርዝመቱ እጅግ ግትር በመሆኑ በ2290 ኒውተን ሲወጠር የሚያጥረው 0.18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው ፈጽሞ የማይበገር ቢሆን ኖሮ ልስኑ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ጥቂት ባለፈ መጠን ሲጨመቅ ውጥረቱ በሙሉ በጠፋ ነበር። በተግባር ግድግዳው ራሱ ትንሽ ስለሚለጠጥ መላላቱ አዝጋሚ ነው፤ በእኛ ቀረጻ የሆነውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ጠብቆ የነበረው በምሳ ሰዓት ላልቷል። በጫፎቹ ላይ ወፍራም ጎማ ማስገባት የሚጠቅመው ሰበቃን ስለሚጨምር ብቻ አይደለም፤ እንደ ሞላ ሆኖ የተከማቸውን ግፊት ስለሚይዝም ነው። ሽብልቅ ብቻውን ይህን አያደርግም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት አሠራሮችን ብቻ ተቀባይነት እንዳላቸው አድርጌ አያለሁ። አንደኛው ሸክሙን በእጅጉ መቀነስ ነው። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ቱቦ 3 ኪሎ ግራም ኤልኢዲ ቢሸከም በዚያው ሕዳግ የሚፈለገው ግፊት 490 ኒውተን ነው፤ በ2.6 ሜትር ከፍታ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ የሚያስከትለው ውጥረትም 0.055 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ይህ በተጠቀሰው ወሰን ታችኛ ጠርዝ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ለአጭር ጊዜ፣ ጤነኛ ለሆነና ከላይ ለተያዘ ግድግዳ ብቻ የሚታሰብ ነው። በተጨማሪም ኤልኢዲ ከድሮው ባለ ክር አምፖል ይልቅ ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ለኮርኒሱ የእሳት ስጋት ይቀንሳል።

ሁለተኛው አሠራር አግዳሚውን ከወለል በሚነሡ ሁለት ቋሚዎች ላይ ማሳረፍ ነው። የእግር ኳስ ግብ የመሰለ ቅርጽ ይኖረዋል። ክብደቱን ወለሉ ይሸከማል፤ ግድግዳው የሚፈለገው መስቀያው ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ለመያዝ ብቻ ሲሆን ለዚህ በእጅ የሚሰጥ ቀላል ውጥረት ይበቃል። የቋሚዎቹ እግር ወደፊትና ወደኋላ እንዳይጋደል መስቀለኛ መሠረትና የአሸዋ ከረጢት ያሻዋል። የካሜራ ባለሙያዎች ቋሚው በምስሉ ውስጥ ይገባል ብለው መቃወማቸው አይቀርም፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በመጋረጃ ወይም በቁም ሣጥን ጎን ሲሸፈን ግን ከሞላ ጎደል አይታይም። ሌላም ጥቅም አለው። በእያንዳንዱ መብራት ላይ የሚታሰረው መጠባበቂያ የብረት ገመድ በአግዳሚው ላይ ስለሚጠመጠም አግዳሚው ራሱ ከወደቀ ዋጋ የለውም፤ አግዳሚው በቋሚ ላይ ሲያርፍ ግን ገመዱ እውነተኛ መጠባበቂያ ይሆናል።

የትኛውም አሠራር ቢመረጥ መብራቱ ከመሰቀሉ በፊት የሙከራ ሸክም አስፈላጊ ነው። ለ15 ኪሎ ግራም መብራት 30 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ተደርጎ ከአግዳሚው ላይ በገመድ ይንጠለጠላል። ቢወድቅ ጉዳቱ የረጠበ ወለል ብቻ እንዲሆን ከሥሩ ሰው አይቆምም። በአግዳሚው ጫፎች ዙሪያ በግድግዳው ላይ በእርሳስ መስመር ይሰመራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጫፉ ከመስመሩ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢወርድ አይጠበቅም፤ ይፈታና በቋሚ ይተካል። የእርሳሱ መስመር በቀረጻው ዘመን ሁሉ ሳይጠፋ ይቆያል። ከእያንዳንዱ ዕረፍት በኋላና በተለይም በማለዳ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም የ4 ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ 0.9 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ በመብራት ሲሞቅ የዋለ ክፍል በአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ያን ያህል ሊቀዘቅዝ ይችላል።