በአንገት ደም ቅዳ ውስጥ የሚቆጡ ሕዋሳት

በአንገታችን ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ፣ ካሮቲድ የሚባሉ ደም ቅዳዎች አሉ። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና ትንባሆ የውስጥ ግድግዳቸውን ሲጎዱ ኮሌስትሮል ዘልቆ ይገባል። ነጭ የደም ሕዋሳትም ሊያጸዱት ይከተሉታል፤ ማክሮፋጅ ወደሚባሉ ሕዋሳት ተለውጠው ስቡን እየዋጡ በዚያው ይከማቻሉ። ለጥበቃ የመጡት ሕዋሳት ሲቆጡ የሚያመነጩት ንጥረ ነገር የክምችቱን ሽፋን ያሳሳዋል። ሽፋኑ ሲቀደድ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። እስከዚያ ድረስ ሕመም ላይሰማ ይችላል።

ስለዚህ የፈረስ ቤትና የአካባቢው ሰበካ ጉባኤያት፣ ምእመናን ግፊታቸውን በጤና ጣቢያ እንዲለኩ፣ ለጠበል ሲሄዱም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ያስተምሩ። የሰው ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ምልክቱ ወዲያው ቢጠፋም እንኳ፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።