በሀርጌሳ ለቤት የሚሆን ማገዶ ቆጣቢ የማሞቂያ ምድጃ አሠራር

ሀርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች፥ እንደ በርበራ ወደብ በሙቀት የምትጨነቅ አይደለችም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ በድንጋይ ግንብና በቆርቆሮ ክዳን በተሠሩት ቤቶች ውስጥ ሕፃናትና አረጋውያን እሳት ይሻሉ። በዚህ ጊዜ እራት የበሰለበትን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በሩንና መስኮቱን የሚዘጋ ቤተ ሰብ አይታጣም። ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ቀለምም ሽታም የሌለውን መርዝ ያወጣል። የተኛ ሰው ይህን አየር ሲስብ ሳይነቃ ይሞታል። ይህ አደጋ በኢትዮጵያ ደጋ ከተሞችም የታወቀ ነው። ስለዚህ ለመኝታ ቤት የሚሠራ ማሞቂያ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የተቃጠለው አየር በቱቦ ከቤት ውጭ ይወጣልን ወይስ አይወጣም የሚል ነው።

ከሰል በሀገሩም ላይ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። በሶማልኛ ገሎል የሚባለው የግራር ዐይነት ለከሰል ተመራጭ ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ለግመል ምግብ ይሆናል፤ ከልጡም አርብቶ አደሩ ገመድና ምንጣፍ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ግን ተመልሶ ለማደግ ብዙ ዘመን ይፈልጋል። እንጨት በአፈር ተሸፍኖ በተለመደው ዘዴ ሲከስል፥ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ6 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 16 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሲኖረው፥ አንድ ኪሎ ከሰል 29 ሜጋጁል ያህል አለው። ሰባቱ ኪሎ እንጨት 112 ሜጋጁል ነበረው ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ከተማ የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ሲሆን የቀረው በሜዳ ላይ ከጢስ ጋር ይበናል። በርግጥ የከሰል ምድጃ ከሦስት ጉልቻ እሳት ይልቅ ሙቀቱን ለድስቱ በተሻለ ሁኔታ ያደርሳል፤ ይህ ጥቅም ግን በሜዳ የጠፋውን አይተካም። የከተማው ሰው ከሰልን የሚመርጠው ለማጓጓዝ ቀላል በመሆኑና ጢስ ስለሌለው እንጂ ማባከን ፈልጎ አይደለም። እንግዲህ እንጨት ራሱ ያለ ጢስ እንዲነድ ካልተደረገ፥ ሕዝቡ ከሰልን እንዲተው መምከር ብቻውን ከንቱ ድካም ነው።

ጢስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። እንጨት ሲሞቅ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀትና በቂ አየር ካገኘ ይነዳል፤ ካላገኘ ግን ቀዝቅዞ ጥላሸት ይሆናል። አሜሪካዊው ላሪ ዊኒያርስኪ በኦሪገን በሚገኘው በአፕሮቬቾ የምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው መፍትሔ፥ እሳቱን በክርን መልክ በታጠፈ መተላለፊያ ማሳለፍና ከዚያ በኋላ ሙቀት በማያስወጣ ልባስ በተሸፈነ ቋሚ ቱቦ ውስጥ ወደ ላይ እንዲነድ ማድረግ ነው። ቱቦው እጅግ ስለሚሞቅ አየሩን በኀይል ይስባል፤ ጋዙም በዚያው ውስጥ ነድዶ ያልቃል። እሳቱ እንደ ሮኬት ስለሚያጓራ ምድጃው ሮኬት ተባለ። ያንቶ ኢቫንስና ባልደረቦቹ ደግሞ ይህንኑ ዘዴ ለቤት ማሞቂያ አዋሉት፤ ከእሳቱ የተረፈው ሙቀት በጭቃ በተሠራ መደብ ውስጥ እንዲያልፍ አደረጉ። በኢትዮጵያ «ትክክል» የተባለው የወጥ ማብሰያ ምድጃ በዚሁ የክርን ሥርዐት የተሠራ ነው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም ሮኬት ባይሆን፥ ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከሲሚንቶ ተሠርቶ እሳቱን በመክበቡ ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል።

ለአንድ የሀርጌሳ ክፍል 15 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቱቦ የሚሠራ ምድጃ ይበቃል። የዚህ ቱቦ ውስጣዊ ስፋት 177 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በጡብ የሚሠራው መተላለፊያም ከዚህ ማነስ የለበትም፤ በየጎኑ 13 ሴንቲሜትር ተኩል የሆነ አራት ማዕዘን ልክ ይሆናል። እንጨቱ ቀጥ ብሎ የሚገባበት አፍ ከመተላለፊያው ወለል 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ይኑረው፤ መተላለፊያው በአግድም 60 ሴንቲሜትር ይሂድ፤ ነበልባሉ የሚወጣበት ቋሚ ቱቦ ደግሞ ከዚያው ወለል 120 ሴንቲሜትር ይቁም። በቋሚው ቱቦ ላይ 200 ሊትር የሚይዝ የዘይት በርሜል ተገልብጦ ይደፋል፤ በቱቦው ጫፍና በበርሜሉ ጣሪያ መካከል 5 ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ይቀራል። የበርሜሉ ቁመት 88 ሴንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ የሚቀመጥበት ግንብ ከመተላለፊያው ወለል 37 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ልኩ ይገጥማል። በበርሜሉ ራስ ላይ የሻይ ጀበና ማፍላትም ይቻላል። የበርሜሉ ቀለም ግን ቤት ከመግባቱ በፊት በሜዳ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ይልቀቅ፤ መርዝ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ነገር የነበረበት በርሜል ፈጽሞ አይወሰድ።

ብዙ ሠሪዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ቋሚው ቱቦ ነው። የሀርጌሳ ግንበኛ ድንጋይን እንደ ወዳጁ ስለሚያውቀው፥ ምድጃውንም በድንጋይ አጠንክሮ መገንባት ይቀናዋል። ከባድ ድንጋይ በእሳቱ አጠገብ ሲሆን ግን ሙቀቱን ጠጥቶ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ እሳትም ይጨሳል። ከማሮዲ ጄህ ሸለቆ የተለቀመ እርጥብ ድንጋይ እሳት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል፤ የኖራ ድንጋይም በብርቱ እሳት ተቃጥሎ ወደ ኖራ ይለወጥና ይፈርሳል። ስለዚህ እሳቱን የሚከበው ቀላልና አየር ያዘለ ነገር መሆን አለበት። የሸክላ ጭቃ ከሰጋቱራ ጋር በደንብ ተለውሶ ጡብ ሲሠራና ሲተኮስ፥ ሰጋቱራው ነድዶ በጡቡ ውስጥ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይተዋል። ይህ ጡብ በቆርቆሮ እጅጌ ውስጥ ተደርድሮ፥ በዙሪያው ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር የሚሆን የተነፋ ደረቅ ዐመድ ይሞላበት። ከባዱ ድንጋይ ቦታው ከበርሜሉ በኋላ፥ በመደቡ ውስጥ ነው።

ከበርሜሉ ግርጌ የሚወጣው ቱቦ በመደቡ ውስጥ በአግድም ሄዶ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ይታጠፍና ከጣሪያው በላይ ይወጣል። ለ15 ሴንቲሜትር ቱቦ የአግድሙ ርዝመት ከ6 ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ እያንዳንዱ የቀጥታ ማዕዘን እጥፋት እንደ 1 ሜትር ተኩል ይቈጠራል። በግድግዳ ሥር የ3 ሜትር መደብና አንድ እጥፋት ያለ ችግር ይሄዳል። ቱቦው በዙሪያው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ድንጋይ፥ አሸዋና ጭቃ ይደፈን። ማታ ሁለት ሰዓት ያህል የነደደ እሳት መደቡን እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ያቆየዋል፤ ሰውም በላዩ ሊቀመጥበት ወይም ሊተኛበት ይችላል። በእጥፋቱ ላይ ዐመድ የሚጠረግበት ክዳን ያለው ቀዳዳ መተው አይረሳ። ቱቦው የጣሪያውን እንጨት በሚያልፍበት ስፍራ እንጨቱ ርቆ ይቈረጥ፤ በርሜሉም ከመጋረጃና ከአልጋ ይራቅ።

ማገዶውን በሚመለከት ገሎልን መንካት አያስፈልግም። ምድጃው የሚፈልገው ከአውራ ጣት እስከ ክንድ የቀጠነ ጭራሮ ነው። በሶማልኛ ገረንዋ የሚባለው፥ በኢትዮጵያም በአፋር ምድር ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻም መጤ ዛፍ ለዚህ ሥራ እጅግ ይስማማል። እንጨቱ ጽኑ ነው፤ ቢቈረጥም ከጉቶው መልሶ ስለሚያቈጠቍጥ በየጊዜው ይታጨዳል። እሾኹ ግን የቆዳ ጓንቲ ይጠይቃል። አዲስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ውሃውን ለማትነን የሚጠፋው ሙቀት ለክፍሉ አይደርስም። በዚህ ደረቅ አገር ከዝናብ በተሸሸገ መጠለያ ሥር፥ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ ተደርድሮ ጥቂት ወራት ይቈይ።

አዲሱ መደብ ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ለብዙ ቀናት በትንሽ እሳት ብቻ ይሙቅ፤ በችኰላ ከነደደበት ይሰነጠቃል። መደቡ ቀዝቅዞ በሰነበተ ጊዜ ጢሱ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ስለሚችል፥ አስቀድሞ በጭስ ማውጫው ግርጌ ባለው ቀዳዳ አንድ ሁለት ወረቀት ይንደድ፤ መሳቡ ከተጀመረ በኋላ በማገዶው አፍ እሳቱ ይለኰስ። በደንብ የተሠራ ምድጃ ከሞቀ በኋላ በጣሪያው ላይ የሚታየው ነጭ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ጥቁር ጢስ ከታየ እንጨቱ እርጥብ ነው፥ ወይም አፉ በማገዶ ታፍኗል፥ ወይም መተላለፊያው በዐመድ ተደፍኗል። እሳቱ በነደደ ጊዜ ሁሉ መስኮቱ በጥቂቱ ተከፍቶ ይደር፤ ከምድጃው የወጣ ፍምም በክፍሉ ውስጥ በሳሕን ላይ አይቀመጥ።