የአሠሪው ምሳሌነትና የሠራተኛው ማኅበራዊ ኑሮ

በየቁምስናው ከምንሰማቸው አቤቱታዎች አንዱ ምእመናን ለእድር፣ ለጉርብትናና ለበጎ አገልግሎት ጊዜና ልብ አጡ የሚል ነው። ምክንያቱን ዘወትር የምንፈልገው በቤተሰብ ውስጥ ነው። ነገር ግን ሰው የቀኑን ሰፊ ክፍል በሥራ ቦታ የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ በዚያ የተማረውን ይዞ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል።

በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 የተጠቀሰው ቦዔዝ ወደ እርሻው በደረሰ ጊዜ በመጀመሪያ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም አላቸው። መጻተኛይቱን ሩትን በማዕዳቸው አስቀምጦ የተጠበሰ እሸት ሰጣት። ከነዶው እየመዘዙ እንዲተዉላት ያዘዛቸው ከዚህ በኋላ ነው። ትእዛዙ የቦዔዝ ቢሆንም፣ ለድኻይቱ እህሉን የሚጥለው የአጫጁ እጅ ነው። ጌታው አስቀድሞ በተግባር ያሳየውን ሠራተኞቹ እንዲፈጽሙት ጠየቃቸው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ አቅራቢያ የፈትል ፋብሪካ የነበረውን ሌዎን አርሜልን (1829–1915 እ.ኤ.አ.) እናገኛለን። አርሜል የሠራተኛው ደኅንነት ያለ ሠራተኛው ተሳትፎ አይገኝም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ የመረዳጃ ማኅበራቱን ሠራተኞቹ ራሳቸው እንዲመሩ አደረገ፤ የተመረጡ ወኪሎቻቸውም ስለ ፋብሪካው ጉዳይ ከአሠሪው ጋር ይመክሩ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛም በ1891 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የሠራተኞችን ማኅበራት ደግፈዋል። በሥራ ቦታ መምከርንና የባልንጀራን ችግር መካፈልን የለመደ ሰው፣ በሰፈሩ ጉዳይ ባዕድ አይሆንም።

በአንጻሩ ለለቅሶ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚዘለፍ፣ ሐሳቡን ሲናገር በክፉ ዓይን የሚታይ ሠራተኛ ዝምታን ተምሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ያለ ፈቃዱ ከደመወዙ መዋጮ የሚቆረጥበትም ሰው ተወሰደበት እንጂ ሰጠ አይባልም። ልግስና በግዴታ አይለመድም።

ይህ ትምህርት ለባለ ፋብሪካ ብቻ የተነገረ አይደለም። የቤት ሠራተኛ ያለን ሁሉ አሠሪዎች ነን። በቁምስናው ዘበኛና በትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ፊት እኛ ካህናትም አሠሪዎች ነን። ስለ ፍቅረ ቢጽ የምንሰብከውን እነርሱ የሚመዝኑት በደመወዛቸው ቀንና በዕረፍታቸው ሰዓት ነው።

ለውይይት፦

1. ቦዔዝ አጫጆቹን ከማዘዙ በፊት ምን አደረገ?

2. በሥራ ቦታችን ያየነው ምሳሌ በእድራችንና በጉርብትናችን እንዴት ይገለጣል?

3. በእኛ ሥር የሚሠሩ ሰዎች ለጎረቤታቸው የሚተርፍ ጊዜ አላቸውን?